ጎማ ሲበርደው

አንባቢዬ፥ ማስቲካ እያኘኩ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውሃ ጠጥተው ያውቃሉን? ካላወቁ ዛሬውኑ ይሞክሩት፤ ወጪው ከጥቂት ብር አይበልጥም። ያ በአፍዎ ውስጥ እንደ ሊጥ ሲላወስ የነበረው ማስቲካ፥ ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካው በድንገት ይደርቅና ከጥርስዎ ጋር ይታገላል። ጥቂት ቈይቶ የአፍዎ ሙቀት ሲደርሰው ደግሞ እንደ ገና ይለሰልሳል። በማስቲካው ላይ አንዳች ነገር አልተጨመረበትም፤ የተቀነሰለትም የለም። የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው።

ይህን የልጆች ጨዋታ የመሰለ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣኝ በክፍል ውስጥ የደረሰብኝ አንድ ኀፍረት ነው። በማስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ጎማና ስለ ፕላስቲክ ጠባይ ሳስተምር፥ በተማሪዎቼ ፊት ያደረግሁት ሙከራ ከሸፈብኝ። ሙከራው በዓለም የታወቀ ነው። ከእኔ በፊት አንድ ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት አድርጎት፥ ሰባት ሰዎች የሞቱበትን ምክንያት በአንድ ብርጭቆ ውሃ አሳይቶበታል። እኔ ባደረግሁት ጊዜ ግን ተማሪዎቼ ሣቁ። ለምን እንደ ሣቁ ወደ ኋላ እናገራለሁ፤ አስቀድሜ ግን ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባኛል።

የተመሰቃቀለ ልቃቂት

ጎማ፥ ፕላስቲክ፥ ናይለን፥ ማስቲካ፥ ሐር፥ ጅማት፥ የስንዴ ሊጥ እንኳ ሳይቀር፥ መልካቸው ቢለያይም ዘመዳሞች ናቸው። የሚዛመዱትም ሁሉም ከረዣዥም ሞለኪውሎች የተሠሩ በመሆናቸው ነው። አንድ የውሃ ሞለኪውል 3 አቶሞች ብቻ አሉት። የተፈጥሮ ጎማ ሞለኪውል ግን 5 ካርቦንና 8 ሃይድሮጅን ያለበት አንድ ትንሽ ክፍል በሺሕ የሚቈጠር ጊዜ እየተደጋገመ የተቀጣጠለበት ሰንሰለት ነው። «ፖሊመር» የሚለው ስም ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን፥ ትርጓሜው ባለ ብዙ ክፍል ማለት ነው። ሔርማን ሽታውዲንገር የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1920 እንደዚህ ያለ ረዥም ሞለኪውል መኖሩን ሲጽፍ፥ ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቹ ሊቀበሉት አልፈለጉም ነበር። በ1953 ግን በዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

እነዚህ ሰንሰለቶች እንዴት ተቀምጠዋል ቢሉ፥ አንዲት ባልቴት በጥንቃቄ እንደ ጠቀለለችው ልቃቂት አይደለም። ሕፃን ልጅ አግኝቶ እንዳመሰቃቀለው ፈትል ነው እንጂ። በዚያ ላይ ደግሞ ሙቀት እረፍት አይሰጣቸውም፤ እያንዳንዱ ሰንሰለት ሌሊትና ቀን ይንቀጠቀጣል፥ ይጠማዘዛል፥ ይኰማተራል። ላስቲክ ስንለጥጥ የምናደርገው ነገር ቢኖር የተኰማተሩትን ሰንሰለቶች በግድ ማስተካከል ነው። ስንለቃቸው ወደ ለመዱት ውዝግብ ይመለሳሉ። የላስቲክ ጕልበት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የማያምነኝ ሰው ቢኖር ሰፋ ያለ ላስቲክ ወስዶ ከከንፈሩ ጋር አስነክቶ በፍጥነት ይለጥጠው፤ ሲሞቅ ይሰማዋል። እንደ ተለጠጠ ጥቂት አቈይቶ ሲለቀው ደግሞ ይቀዘቅዛል። ይህን በከንፈሩ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1805 ያሳተመው ጆን ጎፍ የተባለ ዐይነ ስውር እንግሊዛዊ ነበረ። ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አግኝቷል፦ ክብደት የተንጠለጠለበትን ላስቲክ ሲያሞቁት እንደ ብረት ሽቦ አይረዝምም፤ ያጥራል። ሙቀት ሲጨመር የሰንሰለቶቹ መንቀጥቀጥ ስለሚበረታ ወደ መኰማተር የሚስባቸው ኀይል ይበልጣልና ነው።

ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው ካልታሰሩ ግን እየተንሸራተቱ ይለያያሉ። በቀድሞ ዘመን ከዛፍ የሚገኘው ጎማ በበጋ እየቀለጠ እንደ ሙጫ ይጣበቅ፥ በክረምት ደግሞ እየደረቀ ይሰነጠቅ ነበረ። ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ ከጎማ የሠራቸው የፖስታ ከረጢቶች በሙቀት ተበላሽተውበት ለኪሳራ ዳርገውታል። እርሱ ግን በዚሁ ነገር ሲደክም ኖሮ፥ እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ሲያሞቁት ጠባዩ እንደሚጸና አገኘ። ድኙ በሰንሰለቶቹ መካከል ቋጠሮ ሆኖ ያስራቸዋል። ጉድይር በ1860 የሞተው በዕዳ ተይዞ ነው፤ ዛሬ በመኪና ጎማ ላይ ስሙን የምናነበው ኩባንያ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ለክብሩ ሲባል በስሙ ተጠራ እንጂ የእርሱ ንብረት አልነበረም።

ሞላና ማር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጠጣር ነገር እንደ ብረት ሞላ ነው፤ ሲጫኑት ይታመቃል፥ ሲለቁት ወዲያውኑ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ምን ያህል እንደ ተጫኑት እንጂ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ተጫኑት ለሞላው ጕዳዩ አይደለም። ፈሳሽ ደግሞ እንደ ማር ነው። በማር ውስጥ ማንኪያ ቀስ ብለው ቢያንቀሳቅሱ በቀላሉ ይሄድልዎታል፤ በችኰላ ቢጐትቱት ግን ይታገልዎታል። ሲለቁትም ማንኪያው በደረሰበት ይቀራል እንጂ ወደ ተነሣበት አይመለስም። ለማር ዋናው ነገር ፍጥነት ነው።

ፖሊመር ግን ሞላም ማርም ነው። ሰንሰለቶቹ የመኰማተር ፍላጎት ስላላቸው እንደ ሞላ ይመለሳሉ፤ አንዱ በሌላው መካከል እየተሽሎከሎከ መንገድ መፈለግ ስላለበት ደግሞ እንደ ማር ጊዜ ይወስዳሉ። ሊቃውንቱ ይህን ሁለት ጠባይ አንድ ላይ አድርገው ቪስኮኤላስቲክ ይሉታል። ቃሉ ከባድ ይመስላል እንጂ ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። የስንዴ ሊጥ ሲስቡት ይለጠጣል፤ ሲለቁት ጥቂት ይመለስና በመካከል ላይ ይቀራል። የተመለሰው ከሞላው ድርሻ ነው፥ የቀረው ከማሩ።

ከገበያ ሲመለሱ በፌስታል ድንች የያዙ እንደ ሆነ ይህንኑ በጣትዎ ተምረውታል። ሲነሡ ሰፊ የነበረው የፌስታሉ ማንጠልጠያ፥ ቤትዎ ሲደርሱ እንደ ገመድ ቀጥኖና ረዝሞ ጣትዎን ሊቈርጠው ይደርሳል። በመንገድ ላይ አንድ ድንች እንኳ አልተጨመረበትም። እኔም በክፍል መስኮት ላይ ከፌስታል የተቈረጠ ጥብጣብ አስሬ አሸዋ የተሞላ ከረጢት አንጠለጠልሁበትና፥ ጫፉ በደረሰበት ቦታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። በማግስቱ ከምልክቱ ወርዶ ተገኘ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፥ ክብደቱ ያው ነው፤ ታዲያ ምን ሆኖ ረዘመ?» ሲል ጠየቀኝ። ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ ይኸው ነበረ።

ጥያቄው ከ190 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1835 ቪልሔልም ቬበር የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ለመለኪያ መሣሪያው ማንጠልጠያ የሚሆን የሐር ክር ይመረምር ነበረ። ክብደት ሲሰቅልበት ክሩ ወዲያው ረዘመ፤ ይህስ የታወቀ ነው። ነገር ግን ክብደቱ ሳይጨመርበት ቀስ በቀስ መርዘሙን አላቋረጠም። ክብደቱ ሲነሣለትም በመጀመሪያ በአንድ ጊዜ አጠረ፤ የቀረውን ግን እያዘገመ ነው የተመለሰው። ሐርም እንደ ላስቲክ የሰንሰለት ወገን ነውና። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ደግሞ በ1867 የሞላውንና የማሩን ጠባይ በአንድ የሒሳብ ቀመር አገናኛቸው።

የዚህ ነገር ግልባጭም አለ። ክራር የሚመታ ሰው አዲስ የናይለን ክር ባሠረ ቀን፥ አንድ ጊዜ ቃኝቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ክሩ በቦታው ተወጥሮ ሳለ ውጥረቱ በገዛ እጁ እየላላ ቅኝቱ ይወርድበታል፤ ስለዚህ ደጋግሞ ይቃኘዋል። የካልሲ ላስቲክም ከዓመት በኋላ እግር መያዝ የሚተወው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ችኰላ የሚያስረዳ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1943 ጄምስ ራይት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በጦርነቱ ምክንያት ለጠፋው ጎማ ምትክ ሲፈልግ ከሲሊኮን አንድ ሊጥ የመሰለ ነገር አገኘ። ጠቅልለው መሬት ላይ ቢወረውሩት እንደ ኳስ ይነጥራል። ጠረጴዛ ላይ ትተውት ቢያድሩ እንደ ማር ተንጠፍጥፎ ይገኛል። በመዶሻ በኀይል ቢመቱት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ነገሩ አንድ፥ ጠባዩ ሦስት! ልዩነቱ የተሰጠው ጊዜ ብቻ ነው። ለጎማነት ሳይበቃ ቀርቶ፥ በ1950 የልጆች መጫወቻ ሆኖ ለገበያ ወጣ።

እንግዲህ ማስቲካውን በብርድ፥ ሊጡን በችኰላ አደረቅናቸው። ከዚህ ላይ ነው የነገሩ ቍልፍ ያለው። ሰንሰለቶቹ ቦታ ለመለዋወጥ ሙቀትና ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ሙቀቱ ቢቀነስባቸው መንቀጥቀጣቸው ስለሚዘገይ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የበለጠ ጊዜ ይጠይቃሉ። ጊዜው ቢቀነስባቸው ደግሞ ሙቀታቸው ሳይነካ የበረዳቸው ያህል ይደርቃሉ። ስለዚህ ለፖሊመር ብርድና ችኰላ አንድ ናቸው። ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ዊልያምስ፥ ላንደልና ፌሪ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት፥ ስንት ዲግሪ መብረድ ከስንት እጥፍ መቸኰል ጋር እንደሚተካከል የሚሰላበትን ቀመር አሳትመዋል። መሐንዲሶች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ብርዱ እጅግ ሲበረታ ሰንሰለቶቹ ፈጽሞ ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ ጎማው እንደ መስተዋት ይሆናል። ይህ የሚሆንበት ሙቀት ለእያንዳንዱ ፖሊመር የተለየ ነው፤ አንባቢ ይህችን ነገር ይያዝልኝ።

ብርድና ችኰላ በአንድ ቀን የመጡ እንደ ሆነስ?

ጥር 20 ቀን 1978

ቀኑ ማክሰኞ ነበረ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 28 ቀን 1986። በአሜሪካ፥ በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ፥ ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ሰዎች አሳፍራ ልትነሣ ተዘጋጅታለች። ከሰባቱ አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ ናት። በኒው ሃምፕሸር ክፍለ ሀገር፥ ኮንኮርድ በሚባል ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምር፥ የ37 ዓመት ሴት። ወደ ጠፈር ይወጣ ዘንድ አንድ አስተማሪ ሲፈለግ ከ11,000 የሚበልጡ መምህራን አመልክተው ዕድሉ የደረሳት ለእርሷ ነው። ከጠፈር ሆና ሁለት ትምህርት ልታስተምር ተዘጋጅታ ነበረ። ተማሪዎቿ በትምህርት ቤታቸው ተሰብስበው በቴሌቪዥን ያዩ ነበር። እኔም በዚያው ሙያ ላይ ያለሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስናገር ድምፄ ሳይለወጥ ተናግሬው አላውቅም።

መንኮራኩሪቱን ከምድር የሚያስነሧት በግራና በቀኝ የተጣበቁ፥ ደረቅ ነዳጅ የተሞሉ ሁለት ሮኬቶች ናቸው። እያንዳንዱ 45 ሜትር ያህል ይረዝማል። በዩታ ክፍለ ሀገር በቁራጭ በቁራጭ ተሠርተው፥ በባቡር ተጭነው መጥተው በፍሎሪዳ ይገጣጠማሉ። በየመገጣጠሚያው ላይ በውስጥ የሚነደው ጋዝ እንዳያመልጥ የሚከለክሉ ሁለት የጎማ ቀለበቶች አሉ። መካኒኮቻችን ጎሚኒ የሚሉት ዓይነት ነው፤ በቤታችን ቧንቧ ውስጥ ካለው የሚለየው በመጠኑ ነው። የቀለበቱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 3.7 ሜትር፥ ውፍረቱ ግን 7 ሚሊሜትር ያህል ብቻ።

የዚህ ጎሚኒ ሥራ ቀላል ይመስላል። በሁለት ብረቶች መካከል ተጨፍልቆ ይቀመጣል። ሮኬቱ ሲለኰስ የውስጡ ግፊት በቅጽበት ስለሚያይል ብረቱ ጥቂት ይለጠጥና በመገጣጠሚያው ላይ ያለው ክፍተት ይሰፋል። ጎሚኒውም የተጨፈለቀበትን መልክ ትቶ፥ ክፍተቱን ተከትሎ መነፋት አለበት። ለዚህ የተሰጠው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። እነሆ ችኰላው!

ብርዱ ደግሞ ሌሊቱን መጣ። ፍሎሪዳ ሞቃት አገር ስትሆን፥ በዚያ ሌሊት ግን በማስነሻው ማማ ላይ በረዶ እንደ ጦር ተንጠልጥሎ አደረ። ለመነሣት በተቈረጠው ሰዓት አየሩ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበረ፤ ኋላ የወደቀው የቀኙ ሮኬት የታችኛው መገጣጠሚያ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል እንደ ነበረ ተገምቷል። ከዚያ በፊት ከተደረጉት ጕዞዎች ሁሉ በጎሚኒው ላይ ብርድ የበረታበት በጃንዋሪ 1985 የተደረገው ሲሆን፥ እርሱ እንኳ 12 ዲግሪ ገደማ ነበረ። ከዚያ ጕዞ የተመለሱት ሮኬቶች ሲፈቱ፥ በሁለቱ ጎሚኒዎች መካከል ጥላሸት ተገኝቶ ነበር። ጋዙ የመጀመሪያውን በር አልፎ ነበር ማለት ነው።

ይህን በዐይኑ ያየው ሮጀር ቦይጆሊ፥ ሮኬቶቹን በሚሠራው በሞርተን ታዮኮል ኩባንያ የተቀጠረ መሐንዲስ ነው። ነገሩ እንቅልፍ ነሣው። በዚያው ዓመት ከባልደረቦቹ ጋር ጎሚኒውን ጨፍልቀው፥ ብረቱን በድንገት ጥቂት ሲያርቁት ጎሚኒው ተከትሎ ለመንካት ምን ያህል እንደሚዘገይ ለኩ። በ38 ዲግሪ ሙቀት ከብረቱ ጋር ፈጽሞ አልተለያየም። በ24 ዲግሪ ለ2.4 ሰከንድ ተለያየ። በ10 ዲግሪ ግን 10 ደቂቃ ጠብቀውት አልደረሰም፤ ሙከራውን አቋረጡት። አንባቢ እነዚህን ሦስት ቍጥሮች ደግመው ያንብቧቸው። ጎሚኒው አልተቀደደም፥ አላረጀም፥ ጕድለት አልተገኘበትም። ሰንሰለቶቹ በርዷቸው ጊዜ ብቻ ጠየቁ፤ ሮኬቱ ደግሞ ጊዜ አልነበረውም። በጁላይ 1985 ቦይጆሊ ለአለቆቹ በጻፈው ማስታወሻ፥ ይህ ነገር ካልተስተካከለ የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ታላቅ አደጋ እንደሚመጣ አስጠንቅቆ ነበር።

በዋዜማው ምሽት በዩታ፥ በአላባማና በፍሎሪዳ የነበሩት ሰዎች በስልክ ተሰብስበው ተከራከሩ። መሐንዲሶቹ ከ12 ዲግሪ በታች አይነሣ አሉ። ከጠፈር መሥሪያ ቤቱ ወገን አንዱ፥ ታዲያ እስከ ሚያዝያ ልንቈይ ነውን? በሚል አነጋገር መለሰ። የኩባንያው ሰዎች ለ5 ደቂቃ ለብቻችን እንመካከር ብለው ከስልኩ ወጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ቈዩ። በመጨረሻ ላይ የወሰኑት አራት የሥራ አመራር ሰዎች ናቸው። ከአራቱ አንደኛው የመሐንዲሶቹ አለቃ ሲሆን፥ የመሐንዲስነት ባርኔጣህን አውልቀህ የአስተዳዳሪነቱን ድፋ ተብሎ ነበር። ውሳኔው ተገለበጠ፤ ይነሣ ተባለ።

በማግስቱ በኛ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ሲሆን ሮኬቶቹ ተለኰሱ። አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ከቀኙ ሮኬት የታችኛው መገጣጠሚያ ጥቍር ጢስ ብልጭ አለ። ካሜራ ቀርጾታል፤ በሰዓቱ ግን ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ በኋላ ከነዳጁ የወጣው ዝቃጭ ቀዳዳውን እንደ ደፈነው ይታመናል። ቦይጆሊና ጓደኞቹ በዩታ ሆነው በቴሌቪዥን ያዩ ነበር። የፈሩት እዚያው መሬት ላይ ይፈነዳል ብለው ነበርና፥ መንኮራኩሪቱ ከማማው ስታልፍ እፎይ አሉ። ቦብ ኤበሊንግ የተባለው ባልደረባው ለአምላኩ የምስጋና ጸሎት ማድረሱን ነገረው። በ58ኛው ሰከንድ ገደማ፥ በከፍታ ላይ ያለው ብርቱ ነፋስ መንኮራኩሪቱን ባንገላታት ጊዜ፥ ከዚያው መገጣጠሚያ የእሳት ነበልባል ታየ። በ73ኛው ሰከንድ ቻሌንጀር በሰማይ ላይ ተበታተነች። ከሰባቱ አንድም የተረፈ የለም።

አንድ ብርጭቆ ውሃ

የአደጋውን ምክንያት እንዲመረምር ከተሰየመው ኮሚሽን አባሎች አንዱ በ1965 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ፋይንማን ነበረ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1986 በይፋ በተደረገው ስብሰባ ላይ የጎሚኒውን ቁራጭ፥ ጧት ከብረታ ብረት መደብር በገዛው ትንሽ ማጥበቂያ ጨፍልቆ፥ ለመጠጥ በቀረበለት የበረዶ ውሃ ውስጥ ከተተው። ጥቂት ቈይቶ አውጥቶ ማጥበቂያውን ፈታው። ጎማው እንደ ተጨፈለቀ ለጥቂት ሰከንድ ቆየ። ከዚህ ሌላ ምንም አላደረገም። ብዙ ሰዓት የፈጀው የባለሥልጣኖቹ ንግግር ሁሉ ተረስቶ፥ ያ ብርጭቆ እስከ ዛሬ ይነገራል። በሰኔ ወር የወጣው የኮሚሽኑ ሪፖርትም በ24 ዲግሪ ያለ ጎሚኒ ከዜሮ በታች በ1 ዲግሪ ካለው ይልቅ ወደ መልኩ ለመመለስ 5 እጥፍ ፈጣን እንደ ሆነ አረጋግጧል።

እኔም ይህን ሁሉ በስሜት ከተናገርሁ በኋላ፥ በመምህርነት ኩራት፥ ለገንዘብ ማሠሪያ የምንጠቀምበትን ተራ ላስቲክ ጠቅልዬ፥ በማጥበቂያ አስሬ፥ በረዶ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከተትሁት። ክፍሉ ጸጥ አለ። አወጣሁት፤ ፈታሁት። ላስቲኩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ዘለለና የፊተኛውን ወንበር መታ። ሣቁም ከዚህ ተነሣ።

ከሣቁ በኋላ ግን ትክክለኛው ትምህርት መጣ። ከላይ ያዙልኝ ያልሁትን አንባቢ ያስታውሳሉ፤ እያንዳንዱ ፖሊመር ወደ መስተዋትነት የሚለወጥበት የራሱ ሙቀት አለው። ለተፈጥሮ ጎማ ይህ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የበረዶ ውሃ ለእርሱ እንደ ደጋ ነፋስ ቢሆን ነው። የሮኬቱ ጎሚኒ ቫይተን ከሚባል ሌላ ጎማ የተሠራ ነበረ። ቫይተን ትኵሳትንና ዘይትን እጅግ ስለሚችል ለዚህ ሥራ ተመረጠ፤ ነገር ግን መስተዋት የሚሆነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደዚያ ድንበር ሲቀርብ፥ ገና ሳይደርስበት፥ መጐተት ይጀምራል። ትኵሳትን የሚችል ሁሉ ብርድን ይችላል ማለት እንዳልሆነ የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በማግስቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ማስቲካና አንድ ቁራጭ በረዶ አደልሁ፤ ይኸኛው አልከሸፈም።

በክፍለ ጊዜው መጨረሻ አንዲት ተማሪ፥ «ቍጥሮቹ በእጃቸው ከነበሩ ለምን አልሰሟቸውም?» አለችኝ። የሰጠኋት መልስ እኔን ራሴንም አላጠገበኝም። ነገሩ እንዲህ ነበረ፦ በዚያ ምሽት መሐንዲሶቹ የተጠየቁት መነሣቱ ደኅና መሆኑን እንዲያረጋግጡ ሳይሆን፥ እንደሚወድቅ በማያሻማ መንገድ እንዲያስረዱ ነበር። ይህን ደግሞ ማንም ሊያደርገው አይችልም፤ በዚያን ያህል ብርድ ተነሥቶ የሚያውቅ ሮኬት የለምና። በሞቃት ቀን የተደረጉ ጕዞዎችም አንዳንድ ጊዜ ጎሚኒው መቃጠሉ አከራካሪ ሆነባቸው። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች እንጂ የረካች አልመሰለኝም።

ቦይጆሊ ለኮሚሽኑ እውነቱን ስለ መሰከረ በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ፊት የነሡት ነበሩ። ሥራውን ትቶ፥ በየዩኒቨርሲቲው እየዞረ ስለ መሐንዲስ ኀላፊነት ሲያስተምር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ዐረፈ። ኤበሊንግ ደግሞ ለ30 ዓመት ራሱን ሲወቅስ ኖረ። በ2016 መጀመሪያ ላይ በሬዲዮ ሲናገር የሰሙ ብዙ ሰዎች፥ ጥፋቱ ያንተ አይደለም የሚል ደብዳቤ ጻፉለት። በዚያው ዓመት በማርች ወር ሞተ።

ሮኬቱ ተሻሽሎ የተሠራው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው፤ በሴፕቴምበር 1988 ጕዞው እንደ ገና ተጀመረ። ክፍተቱ እንዳይሰፋ ብረቱ በሌላ ዘዴ ተያዘ፤ በየመገጣጠሚያው ሦስተኛ ጎሚኒ ተጨመረ፤ ከውጭ ደግሞ ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ እንዳይወርድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተጠመጠመበት። የማኮሊፍ ተጠባባቂ ሆና አብራት የሠለጠነችው አስተማሪ ባርባራ ሞርጋን በኦገስት 2007 ወደ ጠፈር ስትወጣ፥ በእነዚያው በተሻሻሉት ሮኬቶች ነበረ የተነሣችው።